ከወርቁ ሥዕል በፊት ቁጥሩን

በጃጁራ በረንዳቸው ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ አዛውንት፣ አሮጌ የስፌት መኪና መሰብሰብ ከጀመረ ወጣት ጋር ያደረጉት ምልልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ሲንጀር አግኝቻለሁ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው የሚሸጡት። ወርቃማ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ልግዛው?

ጋሼ፦ ጽሑፉ ጥርት ካለ መጀመሪያ ተጠራጠር። ሲሠራ የኖረ መኪና፣ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ በሚጎተትበት በኩል ጌጡ ይበላል። ካልተበላ ወይ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፣ ወይ ትናንት ተቀብቷል። ቁጥሩን አየኸው?

ወጣቱ፦ የቱን ቁጥር?

ጋሼ፦ በል እንግዲህ! ሳታየው ነው ዋጋ የተነጋገርከው? በስተቀኝ፣ ምሰሶው ከጠፍጣፋው ወለል ጋር በሚገናኝበት ግድም ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ዘይትና አቧራ ሞልቶት ይደበቃል። የጥርስ ብሩሽ በስፌት መኪና ዘይት ነክረህ እሸው። ፊደል ከቀደመው ከ1900 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ቁጥር ብቻ ከሆነ ከዚያ በፊት።

ወጣቱ፦ ፊደሉ ከዓመቱ ሌላ ምን ይነግረኛል?

ጋሼ፦ የት እንደተሠራ። በእጄ ካለፉት የሚበዙት የስኮትላንዶቹ ናቸው። ግላስጎው አጠገብ ክላይድባንክ የምትባል ከተማ አለች፤ በ1913 ብቻ ከዚያ ፋብሪካ 1.3 ሚሊዮን ያህል መኪና ወጥቷል። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ፤ የባቡር ጣቢያው ግን ዛሬም በሲንጀር ስም ይጠራል። ኤፍ ካየህ ከ1910 ገደማ እስከ 1921 ገደማ ያለው ነው። ዋይ ከዚያ ቀጥሎ እስከ 1935 ገደማ ይሄዳል፤ ጣሊያን አገራችንን እስከ ወረረበት ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፊደል ይሆናል፦ ኢኤ፣ ኢቢ፣ ኢሲ እያለ።

ወጣቱ፦ ሌላ ፊደልስ?

ጋሼ፦ ጂ ሲሆን፣ ወይም ኤ ቀድሞ ሌላ ፊደል ሲከተለው አሜሪካ ኒው ጀርሲ የተሠራ ነው። ጄቢ ካናዳ ነው። ሲ የጀርመኑ ዊተንበርገ ነው፤ ያ ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሲንጀር እጅ ወጥቶ ቬሪታስ የሚባል መኪና ይሠራ ነበር። አንድ ነገር ልብ በል፤ ቁጥሩ የሚመደበው አስቀድሞ በጅምላ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ስትናገር «ገደማ» ማለት አትርሳ። ቀኑን ቆጥሬ አውቃለሁ የሚልህን ነጋዴ አትመን።

ወጣቱ፦ የናሱ ሰሌዳ ዙሪያው ሰማያዊ የሆነ አይቻለሁ። እሱስ ብርቅ ነው?

ጋሼ፦ ሲንጀር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ያወጣው ነው፤ 1851 እና 1951 ተጽፎበታል። ያምራል፣ ግን ብርቅ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን የወጣው መኪና ብዙ ነው። እኔ ብሆን የስፊንክስ ሥዕል ያለበትን እመርጣለሁ። ያ የግብፁ አንበሳ፣ ፊቱ የሰው የሆነው። በውስጡ ክሩን የሚይዘው ክብ ቦቢን ሳይሆን እንደ ጥይት ሹል የሆነ ረጅም ዕቃ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። እሱ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሳትከፍል በፊት ሽፋኑን ገፍተህ መኖሩን እይ።

ወጣቱ፦ ሐሰተኛውን በምን ልለየው?

ጋሼ፦ ከሻንጋይ የመጣውን ቢራቢሮ የሚባለውን መኪና ታውቀዋለህ አይደል? አሠራሩ የሲንጀር 15 የሚባለው ሞዴል ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓኖችም ያንኑ ቀድተው በብዛት ሠርተዋል። ክፉ መኪና አይደለም፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት እሱ ነው። ችግሩ ጥቁር ቀለም ደርበው የሲንጀር ጽሑፍ ሲለጥፉበት ነው። የእውነተኛው ሰሌዳ በሁለት ትናንሽ ሪቬት የተመታ ነው፤ በሙጫ ከሆነ ተወው። ቀጥሎ ብሎኖቹንና ተንሸራታች ሽፋኑን ገልብጠህ እይ፤ «ሲማንኮ» የሚል ምልክት ታገኛለህ፣ የሲንጀር ማምረቻ ኩባንያ ስም ምሕጻር ነው። አንድ ክፍል ላይ ታጣው ይሆናል፣ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የትም ከሌለ ግን በጣም ተጠራጠር።

ወጣቱ፦ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ የድምፅ መልእክት ልኮልኛል። አሮጌ ሲንጀር ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ፣ ሞባይል መርፌው ጋ ስታስጠጋ መስመሩ ከተቋረጠ እውነተኛ ነው ይላል።

ጋሼ፦ ወንድምህን ገንዘቡን ይጠብቅ በለው። ይኸው ወሬ በ2009 ሳዑዲ አረቢያን አናውጦ ነበር፤ ሰዎች ለአንድ አሮጌ መኪና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሪያል ሲጠይቁና ሲከፍሉ ተሰምቷል። ሞባይል በማስጠጋት መፈተኑም ያኔ የተወራ ነው። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር መኪናው ውስጥ የለም፤ ያለው ብረት፣ ዘይትና የሰፊው ላብ ነው።

ወጣቱ፦ እሺ። ያገኘሁት ዝገት አለው፤ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

ጋሼ፦ አደራህን! ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙንም ጌጡንም ይዞ ይሄዳል፤ ሰብሳቢ ደግሞ እንደገና የተቀባ መኪና አይፈልግም። አልኮልም አታስነካው፣ በጌጡ ላይ ያለውን ግልጽ ቅብ አሟሙቶ ነጭ ያደርገዋል። የስፌት መኪና ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ትዕግሥት። አልንቀሳቀስ ያለውን መገጣጠሚያ ላምባ ጠብ አድርገህ አሳድረው፣ በማግስቱ ዘይት ጨምረህ መዘውሩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ፔዳሉን መርገጥ የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቱ፦ እግሩ ላይ ስንጥቅ አለው።

ጋሼ፦ እግሩ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ጊዛ ሲወድቅ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ሠፈር ያለ በያጅ በተራ ኤሌክትሮድ ከነካው ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፍትብሃል። ስለዚህ ዋጋ ቀንስበት፣ ግን አትጣለው። ስንቱ ሰው የጊዛውን እግር ለቆራሌው በኪሎ ሸጦ መኪናውን ብቻውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል! ያ ብረት ምናለሽ ተራ ደርሶ ለአዲስ አበባ ካፌ ጠረጴዛ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው።

ወጣቱ፦ አሜሪካ ደግሞ አሮጌ ብረት ምጣድ እንዲህ ይሰበሰባል አሉ፣ ከሥሩ ያለውን ማኅተም እያነበቡ።

ጋሼ፦ ሰምቻለሁ። ግሪስወልድ የሚባለው፣ ኢሪ ከተማ የተሠራው፣ በሁለት ክብ ውስጥ መስቀል ያለበት። እኛ ቡና የምንቆላበት ብረት ምጣድ ብዙ ጊዜ ማኅተም የለውም፤ ለዚህ ነው መሰብሰብ ከፈለግህ ከስፌት መኪና ጀምር ያልኩህ። ደግሞ ሲንጀር ቆሞ አይቀርም፤ ለብዙዎቹ የቤት ሞዴሎች ዛሬ ሆሳዕና ገበያ የምትገዛው ተራ መርፌ ይገጥማል። ሰፍተህበት ታሳያለህ፣ ገዢህም ያምንሃል።

ወጣቱ፦ ለእናቲቱ ስንት ልክፈል?

ጋሼ፦ ዋጋ አልቆርጥልህም። ግን ቁጥሩን ካነበብህ በኋላ ያነበብኸውን ንገራቸው፤ የት እንደተሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው። ሳታስረዳ በርካሽ ብትወስደው ከወር በኋላ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሁለተኛ መኪና የሚያሳይህ አታገኝም። እኔም አላሳይህም።

ወጣቱ፦ እነግራቸዋለሁ። ቺንጋው ግን ተበጥሷል።

ጋሼ፦ እሱማ ቀላል ነው። ከታችኛው መዘውር እስከ ላይኛው በሲባጎ ዞረህ ለካ። ቆዳውን ከልኩ ትንሽ አስረዝመህ ግዛና እኔ ዘንድ አምጣው፤ ጫፍና ጫፉን በሽቦ አብረን እናያይዘዋለን።