ታቃፊ ዶሮና የልጆቻችን ጤና

ለገጠር እናቶችና ለቤተሰብ የተዘጋጀ የቤት ንጽሕና ትምህርት

በሴቻም ሆነ ከአርባ ምንጭ ከተማ ወጣ ብለው በሚገኙት ቀበሌዎች ዶሮ የማይጭርበት ደጅ ጥቂት ነው። ዶሮ የእናት ገንዘብ ናት። ጨውና ሳሙና ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ፣ እንግዳ ድንገት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታሰበው እንቁላሉና ዶሮዋ ነው። ይሁን እንጂ ዶሮዋ እንቁላል በምትታቀፍበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአልጋ ሥር፣ ከምድጃ ጥግ ወይም ከእህል ዕቃ አጠገብ ትቀመጣለች። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ይድሃል። እንግዲህ ጫጩቱንም ልጁንም በደኅና ለማሳደግ ምን ማድረግ እንደሚገባን በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

፩. ዶሮ ለምን ትታቀፋለች?

ዶሮ የምትታቀፈው በተፈጥሮዋ ነው እንጂ ታማ ወይም የሰው ዐይን ወግቷት አይደለም። እንቁላሎቹ ከጎጆው ሳይነሡ ሲከማቹ ታያቸዋለች፤ በሆዷም ትዳስሳቸዋለች። በዚህ ጊዜ በሰውነቷ ውስጥ ፕሮላክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛና እንቁላል መጣሏን ታቆማለች። ስለዚህ እንቁላል በየቀኑ የሚነሣባት ዶሮ ለመታቀፍ ትዘገያለች፤ የተከማቸላት ግን ቶሎ ትታቀፋለች።

ምልክቶቿ እነዚህ ናቸው። ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች። ሰው ሲቀርባት ላባዋን አቁማ ትቆጣለች፤ ድምጿም ይለወጣል። የሆዷ ላባ ስለሚሳሳ ገላዋ እንቁላሉን በቀጥታ ያሞቀዋል። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷንም ትጥላለች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ስለምትቆይ ኩሷ ብዙና ሽታው ክፉ ነው። የንጽሕናው ነገር የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

፪. ኩሱ ልጅን እንዴት ይጎዳል?

የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ዶሮዋ ጤነኛ መስላ ሳለ እንኳ ይዛቸው ትገኛለች። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ማግባት ልማዱ ነው። እጁን በኩስ በተነካ መሬት ላይ አሳርፎ መልሶ ይጠባዋል፤ በዚህ የተነሣ ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጥ የሚደጋገምበት ልጅ የበላው ምግብ ለሰውነቱ አይሆነውም፤ ክብደቱና ቁመቱም ወደኋላ ይቀራል።

ሄዲና ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ልጆች ያደረጉትን ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 አውጥተው ነበር። ዶሮ ባለባቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዶሮው ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ግን የልጆቹ ቁመት አነስ ብሎ ታየ። እንግዲህ ዶሮ ማርባት መልካም ነው፤ ጉዳቱ ከማደሪያው ላይ ነው ማለት ነው።

፫. ታቃፊዋ የት ትቀመጥ?

ብዙ እናቶች፦ «ከደጅ ባስቀምጣት ሸለምጥማጥ ይጨርስብኝ የለም ወይ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ ዶሮዋን ዝም ብላችሁ ወደ ውጭ አውጧት አንልም። በቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ትንሽ ቤት ይሠራላት። ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት ሊሠራ ይችላል። ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ፣ በሩ በገመድ ወይም በሽቦ ጠብቆ የሚታሰር፣ ግድግዳው ነፋስ የሚያሳልፍ ግን የአውሬ እጅ የማያስገባ ይሁን። ከግድግዳችሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌሊት ብትንጫጫ ትሰማላችሁ።

የዶሮ ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ከመኝታ ቤት ይልቅ በማድ ቤት አንዱ ጥግ አስቀምጧት። ከአልጋ፣ ከውኃ እንስራና ከእህል የራቀ ሆኖ ሕፃኑ እንዳይደርስበት በአጥር ወይም በቅርጫት ይከለል። ኩሷም በየቀኑ ተጠርጎ ይውጣ።

ሴቻና ሲቀላ ሞቃት ናቸው። በዚህ አገር ዶሮዋን የሚያስቸግራት ሙቀት ስለሆነ ጥላ ያለበት ስፍራ ይመረጥላት። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ግን ብርዱ ያይላል፤ በዚያ የመታቀፊያው ጭድ ወፈር ይበል፣ ነፋስ የሚመጣበትም ወገን ይደፈን።

፬. መታቀፊያውን ማዘጋጀት

አሮጌ ቅርጫት፣ የተሰበረ ገንቦ ታች ወይም ሣጥን ለመታቀፊያ ይሆናል። አስቀድሞ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከታች የተነፋ አመድ፣ በላዩ ደረቅ ጭድ ወይም የደረቀ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍበት። እንቁላሉ ወደ ዳር እንዳይንከባለል መኻሉ ጎድጎድ ይበል።

ታቃፊ ዶሮ ሳትነሣ ስለምትውል ቅንቅን በቀላሉ ይፈላባታል። ቅንቅን የበዛባት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ሰውንም ያሳክካል። ስለዚህ ከመታቀፏ በፊት ላባዋን ገልጣችሁ እዩ። ተነሥታ የምትንከባለልበት አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ በአቅራቢያዋ አዘጋጁላት። ቅንቅን ከተገኘ ጭዱ ይቃጠልና በአዲስ ይተካ። የእርሻ ተባይ መድኃኒት ግን በጎጆዋ ላይ አትርጩ፤ መርዙ ለዶሮዋም ለልጆችም አደጋ ነው። ለወባ የተሰጠ አጎበርም የልጅ መከላከያ እንጂ የጫጩት መሸፈኛ አይደለም።

፭. የትኛው እንቁላል ይታቀፋል?

አውራ ዶሮ ያላገኛት ዶሮ እንቁላል አይፈለፈልም። ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ብዙውን ጊዜ አውራ ከሌለበት እርባታ ስለሚመጣ ለማሳቀፍ አትመኩበት። መጠኑ መካከለኛ፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ንጹሕ እንቁላል ምረጡ። እንቁላሉን በውኃ አትጠቡት፤ ቅርፊቱን ከተሕዋስያን የሚከላከለው ስስ ሽፋን ይለቃልና። እስኪታቀፍ ድረስ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩት። እንደ ሴቻ ባለ ሞቃት አገር ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዩት።

ለአንዲት የአበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። ሲበዛባት ሁሉንም ማሞቅ አትችልምና ከ15 ይልቅ 10 ብታሳቅፉ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጫጩት ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልባት ምልክት የሌለውን በዚያው ቀን ታነሡታላችሁ።

፮. ሃያ አንዱ ቀን

ዶሮዋ እንቁላሉን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተኩል በሚጠጋ ሙቀት ትጠብቀዋለች፤ በቀንም ብዙ ጊዜ ታገላብጠዋለች። እናንተ እርሷን አትነካኩ፤ ውኃና እህል ብቻ በቅርቧ አኑሩላት። ተነሥታ ኩሷን ስትጥል በአካፋ ወይም በገል አንሡት። ኩሱን ከአመድና ከሣር ጋር በጉድጓድ አበስብሳችሁ ለሙዙና ለእንሰቱ ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል። ጉድጓዱ ከውኃ ምንጭና ከልጆች መጫወቻ ይራቅ።

በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን መርምሩ። በካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጁና ባትሪ ከበስተኋላው አብሩ፤ እንቁላሉንም ከቀዳዳው ላይ አድርጉ። እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ሥሮች ከታዩበት ሕይወት አለው። ጠርቶ ከታየ አይፈለፈልም። ይህን እንቁላል አትብሉት፣ ገበያም አታውጡት፤ ቅበሩት። በጎጆው ከቆየ ይገማና ሊፈነዳ ይችላል፤ ደኅናዎቹንም ያበላሻል።

እንቁላል ወይም ዶሮ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። ይልቁንም ልጅ ከማጥባታችሁና ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት ይህን አትርሱ።

፯. ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ

ቅርፊቱና ያልተፈለፈለው እንቁላል በዚያው ቀን ይቀበር፤ ጭዱም ይቃጠል። ጫጩት በተፈለፈለበት የመጀመሪያ ቀን ሳይበላ መዋል ይችላል፤ ከሆዱ የቀረው አስኳል ይመግበዋል። ከዚያ በኋላ የደቀቀ በቆሎና ምስጥ ስጧቸው። ውኃውን ዝቅ ባለ ሰሐን አድርጉና እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨምሩበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከእናታቸው ጋር ተከልለው ቢቆዩ ከጭልፊት ይድናሉ። በእኛ አገር በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ይጠነክራል። ጫጩት እርጥበትና ብርድ ስለማይችል ለማሳቀፍ ደረቁን ወራት መምረጥ ይሻላል።

ልጆች ጫጩት ይወዳሉ፤ ይስማሉ፣ ከብብታቸው ያስገባሉ። አትቆጧቸው፤ ግን እንዳይስሙ አስተምሯቸው፣ ሲጨርሱም እጃቸውን አስታጥቧቸው።

ፈንግል የሚባለው በሽታ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይሠራል። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። የሞተ ዶሮ አይበላም፣ አይሸጥም፤ በጥልቀት ይቀበር።

፰. መታቀፏን ማስተው

የአበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ትጥልና ልትታቀፍ ትቀመጣለች። ታቅፋ ጫጩት እስክታሳድግ ሁለት ሦስት ወር ሳትጥል ታልፋለች። ስለዚህ ጫጩት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ማስተው ይጠቅማል፤ ለልጆችም እንቁላል ይገኛል።

ነገር ግን በየአገሩ የሚደረገው ሁሉ ደግ አይደለም። ዘቅዝቆ መስቀል፣ አፍንጫዋን በላባ መውጋት፣ ውኃ ውስጥ መንከር ዶሮዋን ያሠቃያል፤ ቁስልና በሽታም ያመጣባታል። ለጎረቤት ሰዶ ማቆየትም በሽታን ከቤት ወደ ቤት ሊያዛምት ይችላል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ታችኛው ወገን በቀርከሃ የተረበረበ፣ ጭድ የሌለበት ከፍ ያለ ሣጥን ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን አኑሯት። እህልና ውኃ አይጉደልባት። ከሥር ነፋስ ሲያገኛት ሆዷ ይቀዘቅዛል፤ መታቀፉንም ትተዋለች።

፱. ስለ ድርጭት ጥቂት ቃል

በዱር ያለችው ድርጭት ከሣር ውስጥ በመሬት ላይ ጎጆዋን አበጅታ ራሷ ትታቀፋለች። ለማዳዋ የጃፓን ድርጭት ግን ከሰው ጋር ስትኖር መታቀፍን የተወች ያህል ናት፤ እንቁላሏን በየስፍራው ጥላ ትሄዳለች። ስለዚህ ድርጭት ለማርባት የሚያስብ ቤተሰብ የመፈልፈያ መሣሪያ ወይም ታቃፊ ዶሮ ያስፈልገዋል። እንቁላሏ 10 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን፣ ቅርፊቱም ስስ ስለሆነ ከባድ ዶሮ ትሰብረዋለች፤ ትንሽና ቀላል ዶሮ ትመረጥ። የሚፈለፈለው በ17 ወይም በ18 ቀን ስለሆነ ከዶሮ እንቁላል ጋር አብሮ አይታቀፍም። ቀድመው ለወጡት ጫጩቶች ስትል ዶሮዋ ብትነሣ የቀረው ይበላሻልና። የድርጭት ኩስም እንደ ዶሮ ኩስ ስለሆነ ሳጥኗ ከመኝታ ቤት ይራቅ።

እናቶች ሆይ! ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ቀርከሃ፣ አመድ፣ የፈላ ውኃና ሳሙና ይበቃል። አባቶችም የዶሮውን ቤት በመሥራት ይርዱ፤ የሴት ሥራ ነው ብለው አይተዉት። ዶሮዋ ከሰው መኝታ ወጥታ ስታድር ቤቱ ይጸዳል፣ ልጁም ከተቅማጥ ያርፋል፤ ከእንቁላሉም ለልጆች ድርሻ ይተርፋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

፩. ዶሮ ልትታቀፍ ስትል የሚታዩትን ሦስት ምልክቶች ተናገሩ።
፪. ታቃፊ ዶሮ ከአልጋ ሥር ብትቀመጥ ሕፃኑን በምን መንገድ ትጎዳዋለች?
፫. በ7ኛው ቀን ጠርቶ የታየ እንቁላል ምን ይደረጋል?
፬. ዶሮን ሳያሠቃዩ መታቀፏን ማስተው እንዴት ይቻላል?
፭. በቤታችሁ ዶሮዎቹ ዛሬ የት ያድራሉ? ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ምን ለመለወጥ አሰባችሁ?