በጓዳ የተጀመረ ትምህርተ ክርስቶስ
የሚኒሶታ ጀርመናውያን የገበሬ እናቶችና የአንበጣው ዘመን



አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣችና «አባ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ እርስዎና ካቴኪስቱ ልጄን አስተምሩልኝ፤ እኔማ ምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ልጁን ጸሎት ያውቅ እንደ ሆነ ስጠይቀው በትክክል አማተበና አባታችን ሆይንና የእመቤታችንን ሰላምታ ሳያቋርጥ ደገመልኝ። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው በጣቱ ወደ እናቱ አመለከተ። እናቲቱ ያላወቀችው አንድ ነገር ቢኖር አስተማሪ መሆኗን ነበር።

ይህ ነገር በሌላ አገርና በሌላ ዘመን የኖሩ እናቶችን ታሪክ ያስታውሰኛል። እነርሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ስተርንስ በተባለው አውራጃ የኖሩ፣ ከጀርመን የመጡ ወይም ከጀርመናውያን ወላጆች የተወለዱ የገበሬ ሚስቶች ናቸው። የምንናገረው ስለ አንዲት ስመ ጥር ሴት ሳይሆን፣ የብዙዎች ኑሮ ስለ ነበረው ስለ አንድ ኑሮ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚያ ምድር እንዴት መጡ?

አባ ፍራንሲስ ፒርዝ የተባሉ የስሎቬንያ ተወላጅ ሚስዮናዊ በዚያ አካባቢ ለኦጂብዌ ሕዝብ ወንጌልን ይሰብኩ ነበር። እኚህ ካህን በ1854 እና በ1855 በሲንሲናቲ ከተማ ይታተም በነበረው «የእውነት ወዳጅ» በተባለ የጀርመንኛ የካቶሊክ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤዎችን ጽፈው፣ ጀርመናውያን ካቶሊኮች ወደ ሚኒሶታ መጥተው እንዲሰፍሩ ጋበዙ። ጥሪያቸውን የሰሙ ቤተሰቦች ብዙዎች ነበሩ። በ1856 የቅዱስ ቤነዲክቶስ ማኅበር መነኮሳት፣ በ1857 ደግሞ የዚያው ማኅበር እኅቶች ከፔንሲልቫንያ መጥተው በመካከላቸው ሥራ ጀመሩ። በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ፣ በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት ለኖረና ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ እንዲሰጠው ፈቀደ። ለእውነት ስንል ግን ያ ምድር ባዶ እንዳልነበረ መናገር ይገባናል፤ ከሰፋሪዎቹ በፊት የዳኮታና የኦጂብዌ ሕዝቦች አገር ነበርና።

የእናቲቱ ውሎ

ባል እርሻውን ሲያርስ የቤቱ ሸክም በሚስት ትከሻ ላይ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ላም ታልባለች፤ ቅቤ ትንጣለች፤ ዳቦ ትጋግራለች፤ የጓሮ አትክልት ታርማለች፤ በመከር ጊዜም ከባሏ ጋር ማሳ ትውላለች። ለረጅሙ የበረዶ ወራት ጥቅል ጎመን በጨው አብላልታ ታስቀምጣለች። ከቅቤና ከእንቁላል ሽያጭ የምታገኘው ለጨው፣ ለቡናና ለልብስ ይውላል። ልጆቿን የምትወልደው ከሐኪም ርቃ በጎረቤት ሴቶች እጅ ነው። ዘጊ አናዳ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ በገባ ጊዜ በአንድ ሳምንት ከአንድ በላይ ልጅ የምትቀብር እናት ነበረች። ይህን ኑሮ በትዝታ አስጊጠን ቀላልና ጣፋጭ አድርገን ማቅረብ አይገባንም።

በዚህ ሁሉ ድካም መካከል እምነት የሚተላለፈው በምን ነበር? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካህናቱ ጥቂቶች፣ መንገዱም ረጅም ስለ ነበረ፣ ቅዳሴ በየእሑዱ አይገኝም ነበር። በጀርመናውያን ካቶሊኮች ዘንድ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤተሰቡ በቤቱ ተሰብስቦ፣ ሊዮናርድ ጎፊኔ የተባሉ ካህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካዘጋጁት መጽሐፍ የዕለቱን ወንጌልና ማብራሪያውን ማንበብ የቆየ ልማድ ነበር። እናት አዲስ ዳቦ ከመቁረሷ በፊት በቢላዋው ጫፍ የመስቀል ምልክት ታደርግበታለች። ማታ መቁጠሪያው ይደገማል። በእመቤታችን ፍልሰታ በዓል፣ ኦገስት 15 ቀን፣ የሜዳ አበባና መድኃኒትነት ያለው ቅጠል አስራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች፤ ካህኑ ከባረከውም በኋላ በቤትና በከብቶች በረት ውስጥ ትሰቅለዋለች። ልጁ «ይህ ለምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ራሱ ትምህርተ ክርስቶስ ነበር።

አንበጣው

እኛም በአገራችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ስላየን ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት አንቸገርም። ከ1873 ጀምሮ እስከ 1877 ድረስ የሮኪ ተራሮች አንበጣ በሚኒሶታ ላይ ወረደ። ስንዴውን፣ አጃውንና አትክልቱን በላ። ሴቶች የጓሮ አትክልታቸውን ለማዳን የብርድ ልብስ ቢያለብሱት አንበጣው ልብሱንም በላው። መሬት ውስጥ የጣለው እንቁላል በሚቀጥለው ጸደይ ይፈለፈልና ኩብኩባው እንደ ገና ቡቃያውን ያጠፋል። ገበሬዎቹ ቅጥራን የተቀባ ቆርቆሮ በማሳው ላይ እየጎተቱ ኩብኩባውን ያጠምዱ ነበር፤ ነገር ግን ብዛቱ ከሰው ጉልበት በላይ ሆነ። ነቢዩ ኢዩኤል ስለ አንበጣ የጻፈው ቃል ለእነዚህ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ነበር።

ስእለቱ

የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ጆን ፒልስበሪ ኤፕሪል 26 ቀን 1877 ሕዝቡ ሁሉ የሚጸልይበት ቀን እንዲሆን አወጁ። ኮልድ ስፕሪንግ በተባለችው ከተማ አጠገብ ያሉት የጄኮብስ ፕሬሪና የሴንት ኒኮላስ ምእመናን ደግሞ ከካህናቸው ከአባ ሊዮ ዊንተር ጋር ሆነው ስእለት ተሳሉ። ስእለቱም በእመቤታችን ስም ቤተ ጸሎት ለመሥራትና ለ15 ዓመታት በየቅዳሜው በዚያ ቅዳሴ ለማስቀደስ ነበር። በዚያው ዓመት በኮረብታው ላይ የእንጨት ቤተ ጸሎት ተሠራ፤ በዚያው በጋም አንበጣው አገሩን ለቆ ሄደ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ስእለት ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም። የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ይህ የአንበጣ ዝርያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈጽሞ እንደ ጠፋ፣ በሕይወት የታየውም ለመጨረሻ ጊዜ በ1902 እንደ ነበር ይናገራሉ፤ ለመጥፋቱም ብዙዎቹ የሚሰጡት ምክንያት የሚራባባቸው የተራራ ሸለቆዎች መታረሳቸውን ነው። ይህን መስማት እምነታችንን አያናውጥም፤ እግዚአብሔር በፈጠረው ሥርዓት በኩልም ይሠራልና። ይልቅስ ልብ የምንለው ስእለቱ የተሳሉበትን መንገድ ነው። አንበጣው በሄደ ማግስት የሚያልቅ ስእለት አልነበረም፤ ምስጋናው ከመከራው በላይ ዕድሜ እንዲኖረው ታስቦ የተገባ ቃል ነበር።

በ1894 አውሎ ነፋስ መጥቶ ቤተ ጸሎቱን አፈረሰው። ለ15ቱ ዓመታት የተገባው ቃል ዘመኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና፣ «ውለታችን አልቋል» ማለት ይቻል ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን እንዲህ አላሉም። በ1952፣ ከ58 ዓመታት በኋላ፣ በዚያው ኮረብታ ላይ በግራናይት ድንጋይ አንጸው አቆሙት፤ ዛሬም የፍልሰታ ቤተ ጸሎት ተብሎ ይጠራል።

ለእኛ ምን ያስተምረናል?

የፒርዝንም፣ የዊንተርንም፣ የፒልስበሪንም ስም እናውቃለን። የመሬቱ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በባል ስም ነበር። የእናቲቱ ስም ግን በጥምቀት መዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ ካልሆነ በቀር አይገኝም። ሆኖም ያ ስእለት በአንድ ቀን ድንጋጤ የተወለደ አይመስለኝም። በማታው መቁጠሪያ፣ በዳቦው ላይ በተደረገው መስቀልና ልጅ ቀብራ በተመለሰች እናት ጸሎት ለብዙ ዓመታት የተለማመደ ሕዝብ በጭንቅ ቀን ወዴት እንደሚጮኽ ያውቃል። ካህኑ ሕዝቡን ወደ ስእለት ሲጠራ ጉልበቱ ቀድሞ መንበርከክን ተምሮ ነበር።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሲገልጽ፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። ስለዚህ ካቴኪስቶች ሆይ፣ የእናትን ሥራ ለመተካት ሳይሆን ለማጽናት ተጠርታችኋል። እናቶች ሆይ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ?» አትበሉ። በመግቢያዬ ላይ ላወሳኋት እናት የመለስሁላት ይህንኑ ነው፦ «እኔ የምቀጥለው አንቺ ከጀመርሽው ነው።»

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ልጆች ሳይነገራቸው፣ በማየት ብቻ የሚማሩት የእምነት ምልክት የትኛው ነው? የተውነውስ አለን?

2. በጭንቅ ጊዜ ለእግዚአብሔር የገባነውን ቃል ጭንቁ ካለፈ በኋላ እንዴት እንጠብቃለን?

3. በቁምስናችን ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡትን ትምህርት ካቴኪስቶች እንዴት ሊያግዙ ይችላሉ?