ራሴን በስክሪን ማየት አቃተኝ

ጥያቄ፦ ቴአትር ስሠራ ቆይቼ ዘንድሮ የመጀመሪያ ፊልሜን ሠራሁ። ዳይሬክተሩ ቀረጻ በቆመ ቁጥር ወደ ሞኒተሩ እየጠራ ያሳየኝ ነበር። ፊቴንም ድምፄንም ጠላሁት፤ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ የተበላሸ መሰለኝ። አሁን ፊልሙ ሊመረቅ ነው። እናቴ አጠገቧ ተቀምጬ እንዳይ ትፈልጋለች፤ እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ መግባትም አስፈርቶኛል። ለሙያው አልተፈጠርኩም ይሆን?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። አሜሪካዊው ተዋናይ አዳም ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2019 ለሬዲዮ ቃለ ምልልስ ተቀምጦ ሳለ፣ «ማሬጅ ስቶሪ» ከተባለው ፊልሙ የተቀነጨበ ድምፅ ሊሰማ ሲል ትቶ ወጥቷል። በዚያው ፊልም ግን ለኦስካር በምርጥ ተዋናይነት ታጭቷል።

የጠላሽው ድምፅ ለሌላው ሰው ያው የምታወቂበት ድምፅ ነው። ስንናገር ድምፃችን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለሚደርሰን፣ ለራሳችን ወፈር ብሎ ይሰማናል። ፊትሽንም የለመድሽው በመስታወት፣ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው። ስክሪኑ ላይ ያየሻትን ሴት እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ያውቋታል፤ እንግዳ የሆነችው ላንቺ ብቻ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሞኒተሩ ነው። መድረክ ላይ ራስሽን አይተሽ አታውቂም፤ ሥራሽ መያዙን የሚነግርሽ የተመልካቹ ሳቅና ዝምታ ነበር። ቀረጻ ላይ ያ ሁሉ ቀርቶ በምትኩ የራስሽ ፊት መጣብሽ። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጄሪ ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1960 «ዘ ቤልቦይ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ራሱን በሞኒተር ለማየት ከፊልም ካሜራው ጎን የቪዲዮ ካሜራ ያስገጠመው፣ ዳይሬክተሩም ተዋናዩም እሱው ስለነበር ነው፤ ከካሜራው ኋላ ቆሞ የሚያይለት ዳይሬክተር አልነበረውም። አንቺ ግን አለሽ። አፍታ ቀደም ብሎ በገጸ ባሕሪዋ ሐዘን ውስጥ የነበረች ተዋናይት ወዲያው ስለ አገጯ እንድታስብ ማድረግ፣ በእኔ እምነት፣ ሥራዋን ይጎዳል።

ለምርቃቱ ግን ግቢ። እናትሽ የሚያዩት የልጃቸውን የሥራ ፍሬ ነው፤ አጠገባቸው መሆንሽ ይገባቸዋል። ዓይንሽን ከስክሪኑ አንሥተሽ ተመልካቹን ብታዪ ማንም አይቀየምሽም፤ የለመድሽውም እሱን ነው።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ፊልሙን ከምታምኛት የሙያ ባልደረባሽ ጋር አንዴ እዪው። ስታዪም ስለ መልክሽ ሳይሆን ስለ ሥራው ጠይቂ፦ ለመድረክ የለመድሽው የድምፅና የእጅ ስፋት ለካሜራው በዝቶ ይሆን? አብሮሽ የሚተውነውን ሰው ንግግር በእርግጥ እያዳመጥሽ ነበር ወይስ ተራሽን እየጠበቅሽ? ይህን ማወቅ ይጠቅምሻል። ጨርሶ አላይም ማለትን አልመክርሽም፤ ከመድረክ ወደ ካሜራ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ፊልም ብዙ ያስተምራል።

ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ውል ስትፈራረሚ፣ ቀረጻ ሳይጀመር፣ ዳይሬክተሩን «ሞኒተር አላይም፤ የጎደለውን በቃል ንገረኝ» በዪው።