ውሻችን፣ ድግሳችንና ጎረቤቶቻችን

ውሻ በገጠር ቤት ሥራ ያለው እንስሳ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው። እህል ሲያሽት ጦጣና ዝንጀሮ ከማሳ ያባርራል። እረኛው ልጅ ሜዳ ላይ ሲውል አብሮት ይውላል፤ ሲመሽም አብሮት ይገባል። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ፍርፋሪና አጥንት ካገኘ ይበቃዋል። ድመትም እንደዚሁ ናት። ጎተራችንን ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች፣ ሰነፍ ናት እያልን ብናማትም ከቤት አናስወጣትም።

እንግዲህ ውሻና ድመት የቤታችን ወዳጆች ናቸው። የወዳጅ ጠባይ ደግሞ ሊታወቅ ይገባል። ምን እንደሚያሳምመው፣ ሕመሙም ወደ እኛ እንዴት እንደሚመጣ ካላወቅን ከወዳጃችን ጉዳት ሊደርስብን ይችላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

ውሻ ባለቤት አለው፤ አጥር ግን አያግደውም። ይህንን በደንብ የምናየው በድግስ ቀን ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ወይም ማኅበር ሲኖር፣ ማንም ሳይጠራቸው ከእንግዳ ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ውሾች ናቸው። ዳሱ ተሠርቶ ሳያልቅ በሬው የሚታረድበትን ቦታ ከበው ይቀመጣሉ። የእኛም ውሻ አለ፤ የጎረቤትም አለ፤ ከወንዝ ማዶ የመጣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅም አለ። አጥንት ሲወረወር ይነካከሳሉ። ልጆች ደግሞ በመካከላቸው ይሯሯጣሉ። ሰው በጠላውና በጨዋታው ስለሚያዝ ይህንን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ውሻው የአንድ ቤት ቢሆንም ጤናው የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ እርዱ ትንሽ እንበል። በግ ወይም በሬ ሲታረድ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የመሰለ ነገር አንዳንዴ ይገኛል። አራጁ ቆርጦ ለውሻ ይወረውረዋል። ከረጢቱ ግን የትል ዘር የተቋጠረበት ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በውሃው፣ በጓሮ ጎመኑ ላይ ይቀራል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይይዘዋል። ልጅም ውሻውን ሲደባብስ ቆይቶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፣ ያው ከረጢት በእሱም ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊያድግ ይችላል። ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቆይቶ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ሰው አለ። መከላከያው ግን ቀላል ነው። ውሃ የቋጠረውን ክፍል ማቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። ደጋሹ ሥራ ስለሚበዛበት ይህን አንድ ጎረቤት ቢይዝለት መልካም ነው። ለድግስ ጠላ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይመደብ የለ? ጉድጓድ የሚቆፍርም ይመደብ።

ዋናው ጉዳያችን ግን ሌላ ነው። እሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። እንስሳው ሲነክስ በቁስሉ ይገባል። የተጫረ ወይም የቆሰለ ገላ ቢልስም ይገባል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። አንዳንዴ 1 ሳምንት ብቻ ይወስዳል፤ አንዳንዴም እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ የተነከሰው ሰው ምንም አይሰማውም። ቁስሉ ይደርቃል። ሰውየውም «ተመስገን፣ ዳንኩ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኋላ ግን ትኩሳትና ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ የተነከሰው ቦታ ያሳክከዋል ወይም ይጠዘጥዘዋል። ውሃ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይተናነቃል። ውሃ ይፈራል የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ከሞት የተረፉት እጅግ በጣም ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ሰውየውን ማዳን የሚቻለው ምንም ባልተሰማው ጊዜ ነው። ባመመው ጊዜ አይደለም! ሌላው በሽታ ሲያመን ነው ሐኪም ዘንድ የምንሄደው፤ ይሄኛው ግን ሳያመን ካልሄድን አይሆንም። ብዙ ሰው የሚጠፋው ይህንን ባለማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። አብዛኞቹ የእስያና የአፍሪካ ገጠር ሰዎች ናቸው። በሽታው ከያዛቸው 100 ሰዎች 99ኙ ያገኙት ከውሻ ነው። ከሚሞቱት 100 ሰዎች ደግሞ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

የታመመ ውሻ እንዴት ይታወቃል? ጠባዩ ይለወጣል። ጸጥተኛው ይቆጣል፤ ቁጡው ደግሞ ይደበቃል። ድምፁ ይጎረንናል። እንጨትና ድንጋይ ያኝካል። ለሃጩ ይዝረበረባል። ሳይነኩት ይነክሳል፤ ከቤቱ ወጥቶም ሩቅ ይዞራል። ይህንን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሳይሮጥና ሳይናከስ የሚያብድ ውሻ መኖሩን ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ጥግ ይዞ ይተኛል። የታች መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። እኛም በተለይ ድግስ ያለፈ ሰሞን ከሆነ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው» እንላለን። አዝነንለት አፉን ከፍተን እጃችንን እንሰዳለን። የደግ ሰው እጅ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው። መንጋጋው የወደቀ ውሻ ሲታይ እጅ አይሰደድም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው መንገር ነው። ድመት፣ አህያና ከብትም በዚህ በሽታ ይያዛሉ። በሽታው የያዛት ላም ሥጋዋም ወተቷም አይነካም።

ታዲያ ውሻ ሲነክሰን ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው። እጥበቱ 15 ደቂቃ መሆን አለበት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው። አንድ ሰው በጣሳ ያፈስሳል፣ ሌላው ያጥባል፤ የጀሪካኑ ውሃ ቢያልቅ ሌላ ይቀዳል። ሳሙና የሚጠቅመው ለጽዳት ብቻ አይደለም። ይህ ተሕዋስ ቅባት የመሰለ ልባስ አለው፤ ሳሙና ልባሱን አፍርሶ ይገድለዋል። በቁስሉ ላይ አመድ፣ በርበሬ ወይም የተወቀጠ ቅጠል ማድረግ ግን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ክትባቱ በሁሉም ቦታ ስለማይኖር የት እንደሚገኝ የጤና ሠራተኛዋ ትነግረናለች። «የባህል መድኃኒት እንሞክርና ካልሆነ እንሄዳለን» የሚሉ አሉ። ከላይ እንዳነበብነው ግን «ካልሆነ» የሚባለው ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ጸሎትም የሚያደርግ ያድርግ፤ ክትባቱን ግን አያዘግይ።

ክትባቱን ያገኘው ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በአዲስ አበባም «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚህ ሊቅ ስም ከተጠራው ተቋም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 መጀመሪያ የተከተበው ጆዜፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ዳነ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ የተከተበው ደግሞ እንደ እኛ ልጆች እረኛ ነበር። ስሙ ዣን ባፕቲስት ዡፒይ፣ ዕድሜው 15 ዓመት ነው። ከእሱ ያነሱ እረኞች አብረውት ሳሉ እብድ ውሻ መጣባቸው። ትንንሾቹ እንዲያመልጡ እሱ ከውሻው ጋር ተናነቀ። የውሻውን አፍ በጅራፉ አስሮ በእንጨት ጫማው መትቶ ገደለው። እጆቹ ግን ክፉኛ ተነከሱ። ፓሪስ ደርሶ መከተብ የጀመረው ከተነከሰ ከ6 ቀን በኋላ ነው፤ እሱም ዳነ። ልጁ ከውሻው ጋር ሲታገል የሚያሳይ ሐውልት በፓሪስ በፓስተር ተቋም ግቢ ቆሞለታል። በድሮ ጊዜ ክትባቱ ሆድ ላይ ለብዙ ቀን የሚወጋ ስለነበር ሰው ይፈራው ነበር። አዲሱ ዓይነት ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፤ ሆኖም በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ በመካከሉ ማቋረጥ አይገባም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ልጅ በውሻ ሲነከስ ብዙ ጊዜ ይደብቃል። ለምን? «ውሻውን ምን አስነካህ!» ተብሎ እንዳይገረፍ ይፈራል። ትንሽ ቡችላ ከሆነች ደግሞ ምንም አይደለም ብሎ ይተወዋል። ቡችላም ታሳብዳለች። ስለዚህ ልጆቻችንን አስቀድመን እንንገራቸው፦ ውሻ ከነከሰህ፣ ከጫረህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም። ይህን ቃል የሰጠን ወላጆች ደግሞ ስንነገር ቃላችንን እንጠብቅ። በተለይ በድግስ ማታ፣ ሁሉም ደክሞት ሲተኛ፣ የልጆቹን እግርና እጅ አየት ማድረግ ደግ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የመኪና ያስፈልጋል፤ ሥራ ይፈታል። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፤ ለቀጠሮው ተመላልሶ መሄድ አለ። አረም ወይም አጨዳ ሲሆን ገበሬ ማሳውን ትቶ መሄድ ይከብደዋል። «ቁስሉ ደርቋል፣ ምን ያመላልሰኛል» ብሎ የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው። ጎረቤት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ወንፈልና ደቦ አሉን አይደለም? የተነከሰውን ሰው ማሳ በደቦ ማረም ይቻላል፤ ጠላውና ንፍሮው ቢቀርም ቅር የሚለው ሰው አይኖርም። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ከዚያው ሣጥን ለመጓጓዣ ጥቂት ብር ቢያበድር ድንኳኑ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። መቼም የሚቀልለው የትኛው እንደሆነ ዕድርተኛው ያውቀዋል።

ውሾቹንስ? በሽታው ገባ ሲባል ውሻ ሁሉ በመርዝ ይለቅ የሚል ሐሳብ ይነሣል። ያበደ ውሻ በእርግጥ መወገድ አለበት። ጤነኛውን መፍጀት ግን በሽታውን አያጠፋውም። የአንድ መንደር ውሻ ሲያልቅ ከሌላ መንደር ያልተከተበ ይመጣል፤ ቡችላም ይወለዳል። በብዙ አገር ታይቶ የሠራው ክትባት ነው። ከ10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። እስቲ በእኛ መንደር እናስላው። 40 ውሾች ቢኖሩን ቢያንስ 28ቱ መከተብ አለባቸው። 10 ቤቶች ብቻ ውሻቸውን ይዘው ቢመጡ ለነዚያ ለ10ሩ እንጂ ለመንደሩ መከላከያ አይሆንም። ለዚህ ነው የአንድ ሰው ትጋት ብቻውን የማይበቃው።

መስከረም ላይ፣ በመስቀል ሰሞን፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ይውላል። ቀኑ ፓስተር በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያረፈበት ዕለት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ስለሚከፈት፣ መንደሩ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ የራሱን የክትባት ቀን በዚሁ ሰሞን ቢቀጥር ይመቸዋል። ውሻው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ይታሰር፤ ጠዋት ከተለቀቀ በኋላ ማን ይይዘዋል? ይዞት የሚመጣውም እሱን የለመደው ሰው ይሁን። ብዙ ቤት ውሻው የሚታዘዘው ለአባወራው ሳይሆን ለእረኛው ልጅ ወይም ለእማወራዋ ነው።

መጻፍ የቻልን ሰዎች በዚያ ቀን ሥራ አለን። አንድ ደብተር ይዘን እንቀመጥ። በአንድ መስመር የባለቤቱን ስም፣ የውሻውን መልክ፣ ዕድሜውንና የተከተበበትን ቀን እንጻፍ። «ቀይ ውሻ፣ ወንድ፣ 3 ዓመት፣ መስከረም 20 ተከተበ» ማለት ብቻ ይበቃል። ክትባቱ በየዓመቱ ስለሚደገም በሚመጣው መስከረም ደብተሩ ይከፈታል፤ የሞተው ይሰረዛል፣ የተወለደው ቡችላ ይጨመራል፣ ያልመጣው ቤት ድረስ ተሂዶ ይጠየቃል።