ዳኛ ሲሰደብ፦ ሰብርና ዝምታ

ከእናንተ መካከል የእግር ኳስ ዳኝነት ኮርስ የወሰዳችሁ አላችሁ። እዚህ እንግሊዝ 14 ዓመት የሞላው ሁሉ መማር ይችላል። እሁድ ጠዋት የልጆች ግጥሚያ አጫውቶ ጥቂት ፓውንድ ይዞ ቤት መመለስም ደስ ይላል። ብዙ ልጆች ግን ሳይቆዩ ሲተዉት አይቻለሁ። ለምን ስትሏቸው የሚያነሱት ሩጫውን ወይም ብርዱን ሳይሆን ስድቡን ነው።

እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ልተወው ነበር። ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ሳጫውት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። የአንዱ ልጅ አባት ከመስመሩ ዳር ሆኖ ጨዋታው እስኪያልቅ ሰደበኝ። ዝም አልኩ፤ ሪፖርትም አልጻፍኩም። ለራሴ «ሰብር አደረግሁ» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ሜዳ ስደርስ ያ ሰው ሌላ ዳኛ፣ ከእኔ የምታንስ ልጅ፣ በዚያው አፉ ሲያስለቅስ አገኘሁት። ሰብር ያልኩት ፍርሃት እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ስድብን በስድብ አለመመለስ ሰብር ነው። ኃላፊነትን መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕጉ ባዶ እጃችሁን አላስገባችሁም። ተጫዋች ውሳኔያችሁን በቃልም በምልክትም ከተቃወመ ቢጫ ነው። አዋራጅ ወይም ጸያፍ ቃል ከተናገረ ቀይ ነው፤ «ተናዶ ነው» የሚባል ነገር የለም። ከ2019 ወዲህ አሰልጣኞችም ካርድ ያያሉ። በዚያው ዓመት እዚህ አገር በታችኛው እርከን ሌላ ደንብ መጣ፦ ዳኛን የሚጨቃጨቅ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ጨዋታ ለ10 ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል። እኔ ከቢጫው ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ቢጫ ያየ ሰው መጮሁን ሊቀጥል ይችላል፤ ቡድኑን በ10 ሰው ያስቀረውን ግን የገዛ ጓደኞቹ ዝም ያሰኙታል።

ተመልካች ካርድ አይሰጠውም። ጨዋታውን አቁሙና የቡድኑን አሰልጣኝ ጠርታችሁ «እባክህ ያንን ሰው አነጋግረው፤ ካልተወ ጨዋታው አይቀጥልም» በሉት። ከሰውየው ጋር ራሳችሁ ክርክር አትግጠሙ። ካልተወ ጨዋታውን ማቋረጥ ሥልጣናችሁ ነው፤ ወደ ዱላ የሚሄድ ከመሰላችሁ ደግሞ ደቂቃም አትጠብቁ። በዲሴምበር 2012 በኔዘርላንድ፣ አልሜሬ ከተማ፣ ሪቻርድ ኒውዌንሃውዘን የተባለ አባት ልጁ በሚጫወትበት ግጥሚያ በፈቃደኝነት የመስመር ዳኛ ሆኖ ሠራ። ጨዋታው እንዳለቀ ወጣት ተጫዋቾች ደበደቡት፤ በማግስቱ ሞተ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን በተከታዩ ቅዳሜና እሁድ የአማተር ጨዋታዎችን በሙሉ ሰረዘ። በ2013 ስድስት ወጣቶችና የአንዱ አባት ተፈረደባቸው።

ስህተትም ትሠራላችሁ፣ ሁላችንም እንሠራለን። አንድ ካፒቴን በጨዋነት ሲጠይቃችሁ «ከቆምኩበት እንደዚያ ነው ያየሁት» ማለት ክብር አይቀንስም።

በጣም የምትቸገሩት ሪፖርቱ ላይ ነው። በቤታችን የማይነገር ቃል መጻፍ ያሳፍራል። አንድ ልጅ «መጥፎ ቃል ተናገረኝ» ብሎ ጽፎ አሳይቶኛል፤ በዚህ ማንንም መቅጣት አይቻልም። ቃሉን እንደተባለው፣ አንድ ፊደል ሳትቀንሱ ጻፉት። ማን ተናገረ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ የት ቆሞ፣ ማን ሰማ? «ክፉ ሰው ነው» የሚለውን ተዉት። ምስክርነት ነውና አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ቀለማችሁን፣ ዘራችሁን ወይም ሂጃባችሁን የነካ ከሆነ በግልጽ አስፍሩት፤ ቅጣቱ ይከብዳል። ደግሞ በዚያው ቀን ጻፉት፤ ካደረ ይረሳል።

ከዚያች ልጅ ጋር የዚያኑ ዕለት ማታ ቁጭ ብለን ሪፖርቷን ጻፍን፤ የእኔንም ዘግይቶም ቢሆን ጨመርኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ሰውየው እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሜዳ ዳር እንዳይቆም ታገደ። ልጁ መጫወቱን ቀጠለ። እሷ አሁን የአዋቂዎችን ጨዋታ ታጫውታለች።