«ኔጎሺየብል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በርበሬ፣ በቆሎና ኑግ የሚነግዱ ወገኖቻችን ከባንክና ከአስመጪዎች ጋር ሲጻጻፉ ይህን ቅጽል ደጋግመው ያገኙታል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ሲጻፍ «ዋጋው ያከራክራል» ማለት ነው፤ በመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ማለት በቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ ሲገኝ ግን ስለ ዋጋ ክርክር አንዳች አይናገርም። ሁለቱን ማምታታት ገንዘብ ያሳጣልና የቃሉን ሥር መመርመር ይበጃል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ኦቲዩም» ዕረፍት ማለት ሲሆን፣ «ኔክ» የሚለው አፍራሽ ቃል ሲጨመርበት «ኔጎቲዩም» ሆነ፤ ይኸውም ዕረፍት ማጣት፣ ሥራ፣ ንግድ ማለት ነው። ኢጣልያኖች ሱቅን «ኔጎዝዮ» የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው። የኛ «ንግድ» ደግሞ ከግዕዙ «ነገደ» የተገኘ ሲሆን፣ ትርጓሜው ተጓዘም ሸቀጠም ይሆናል፤ መንገድና እንግዳም የዚሁ ዘር ናቸው። ሮማውያን በነጋዴው ላይ ያዩት ዕረፍት ማጣቱን፣ አባቶቻችን ያዩት ጉዞውን ነው። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ በሚያልፈው መንገድ ላይ ለተቀመጠችው ቡሬ የኛው ይበልጥ ይስማማታል።

በቃሉ መጨረሻ ያለው ቅጥያ ከላቲኑ «አቢሊስ» የመጣ ነው። ብዙ ሰው «የሚችል» ከሚለው «ኤብል» ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ያኛው ግን «ሃቢሊስ» ከሚባል ሌላ ቃል የወጣ ነው። እንግሊዝኛ በቃሉ ጫፍ የሚቀጥለውን አማርኛ በቃሉ መነሻ «የሚ» ብሎ ይገልጸዋል። ዳሩ ግን «የሚተላለፍ» ሲባል በመተላለፍ ላይ ያለም ለመተላለፍ የተፈቀደም ሊሆን ስለሚችል፣ በውል ላይ «ሊተላለፍ የሚችል» ብሎ ማስፋት ይሻላል።

እንዲህ ያለው ሰነድ የያዘው መብት ከወረቀቱ ተለይቶ አይተላለፍም። ለታዘዘለት የተጻፈ እንደ ሆነ በጀርባው ፈርሞ በማስረከብ፣ ለአምጪው የተጻፈ እንደ ሆነ በእጅ በመስጠት ብቻ ይተላለፋል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአራተኛው መጽሐፉ ይህን ደንግጓል፤ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም ይህ ክፍል አልተሻረም።

«ነን» የሚለው ከፊት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ቢል ኦፍ ሌዲንግ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዋና ቅጂ ይዘጋጃል፤ ተጨማሪዎቹ ግልባጮች «ነን ኔጎሺየብል» የሚል ጽሕፈት አለባቸው። ጅቡቲ ወደብ የደረሰ ዕቃ ለመግዛት ብሎ በግልባጩ ገንዘቡን የከፈለ ባለሱቅ የገዛው ወረቀት ነው። ከሦስቱ ዋናዎች ባንዱ ዕቃው ከወጣ የቀሩት ሁለቱ ዋጋ የላቸውምና፣ ገዢው ሦስቱንም አንድ ላይ ይጠይቅ።