የቤተሰብ ቤት የጣውላ ወለል፦ ይፋቅ፣ ይደገም ወይስ ዘይት ይጠጣ?

አርባ ምንጭ ሴቻ ወይም ጨንቻ ላይ ያለውን የቤተሰብ ቤት ለማደስ የሚመለሱ ከሆነ፣ ያረጀውን የጣውላ ወለል አስነቅለው ሴራሚክ ለማንጠፍ አይቸኩሉ። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው ዛፎች ናቸው። አንዴ የተነቀለን የዝግባ ጣውላ በዚያው ዓይነት መተካት ቀላል አይደለም። ያለውን ማዳን ይሻላል፤ ከባዱ ነገር መንገዱን መምረጥ ነው።

አስቀድሞ መታየት ያለበት ምስጥ ነው። ጣውላው ከውስጥ ተበልቶ እያለ ላዩ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ዶርዜዎች ይህን ጠላት አሳምረው ያውቁታል፤ የቀርከሃ ቤታቸው ከመሬት የሚገናኝበት ጫፍ በተበላ ቁጥር ቤቱ በዓመታት ውስጥ እያጠረ ይሄዳል። እርስዎም ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ ያንኳኩ። ድምፁ ባዶ ከሆነ ወይም ዞኮሎው ሥር ምስጥ የሠራው የአፈር መተላለፊያ ካለ፣ ምስጡ ሳይጠፋና የተበላው ጣውላ ሳይቀየር ምንም አይቀቡ። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ዝግባ ግን ቶሎ ይሸነፋል።

ከዚያ ወለሉ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉ። ጠብታው ሳይሰርግ ከቆየ ቫርኒሹ ገና ይሠራል፤ እንጨቱ ጠጥቶት ከጠቆረ አልቋል። ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ ነክረው ጥግ ላይ ይሹ፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅባት ይዞ ከመጣ ወለሉ ሰም አለበት። ሰም ሳይጸዳ የተቀባ ቫርኒሽ አይይዝም፣ ይላጣል።

ቫርኒሹ ደብዝዞ እንጨቱ ካልተነካ፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ አሻክሮ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አንድ ወይም ሁለት እጅ መድገም ይበቃል። እኔ ከሁሉ በፊት ይህን እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሙሉ ፍቀት አንድ ሚሊሜትር ያህል እንጨት ይወስዳል፣ የተወሰደውም አይመለስም። ቀጭን ፓርኬ ብዙ ጊዜ አይፋቅም። ጭረቱ ጠልቆ ወይም እንጨቱ ጠቁሮ ግድ ከሆነ፣ የምስማሮቹን ራስ አስጠልቀው ከ40 ቁጥር ይጀምሩ፤ 60ንና 80ን ሳይዘሉ 100 ወይም 120 ላይ ይጨርሱ። የሚዞር ማሽን አንድ ቦታ ከቆመ ወለሉን ይሰረጉዳል፣ በተለይ እንደ ዝግባ ያለ ለስላሳ እንጨት ላይ። መብራት ከጠፋ ወዲያው ማብሪያው ይዘጋ፣ ማሽኑም ከወለሉ ይነሣ፤ ድንገት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሣ።

ሦስተኛው መንገድ የተልባ ዘይት ነው። እንደ ቫርኒሽ አያብረቀርቅም፣ ቶሎ ቶሎም መደገም ይፈልጋል፤ ነገር ግን የተጎዳውን ቦታ ብቻ ለይቶ ማደስ ይቻላል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

መሣሪያ ከአሜሪካ ይዘው ለሚመጡ፦ የአገር ቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ማሽን ይቃጠላል። ቫርኒሽና ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ አይከተቱም። ቦታ ከተረፈዎት ጥሩ ብርጭቆ ወረቀትና የአቧራ ማስክ ይያዙ።

አርባ ምንጭ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም በጥቅምት አካባቢ ነው፤ እርጥበት ደግሞ የቫርኒሽን መድረቅ ያዘገያል። ፈቃድዎን ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ያድርጉት። ከአናጢው ጋር ሲዋዋሉ በካሬ የተነገረዎት ዋጋ የእጅ ብቻ ነው ወይስ ዕቃንም ይጨምራል፣ ስንት እጅ ይቀባል የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ።

በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ በማግስቱ ቢረገጥም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ምንጣፍ አይነጠፍበት። ዘመድ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል ሲመጣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ እርጥብ ቄጤማና ከከሰል ማንደጃ የሚወድቅ ፍም አዲሱን ወለል ያበላሹታል።